ጉሮሮ ታሞ አእምሮ ሲናወጥ

በ1518 ሐምሌ ወር፣ በስትራስቡርግ ከተማ አንዲት ሴት ከቤቷ ወጥታ መንገድ ላይ መጨፈር ጀመረች። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዘፈን የለ፣ ሠርግ የለ። ቀኑ መሽቶ ሲነጋም አላቆመችም። ሳምንት ሳይሞላ ሌሎች ተከተሏት፤ ነሐሴ ሲገባ ጨፋሪው በመቶዎች ይቆጠር ነበር። ሐኪሞቹ ነገሩን ለደም መፍላት ሰጡት። ጨፍረው እንዲወጣላቸው ተብሎ መድረክ ተሠራላቸው፣ ሙዚቀኛም ተቀጠረላቸው። ጭፈራው ባሰ። በመጨረሻ ሹማምንቱ ሙዚቃውን ከልክለው ሕመምተኞቹን በጋሪ ጭነው በሳቬርን አጠገብ ወዳለው የቅዱስ ቪቱስ ጸሎት ቤት ወሰዷቸው። ቪቱስ በሮማውያን ዘመን በልጅነቱ የተሰዋ ሰማዕት ነው። ሲቆጣ ይህን ሕመም ያወርዳል፣ ሲለመን ያነሣል ተብሎ ይታመን ነበር። ከዚያ በፊት በ1374 በአኸን ከተማና በራይን ወንዝ ዳርቻ ተመሳሳይ ነገር ታይቷል።

የስትራስቡርጎቹ ጨፋሪዎች ከዚህ በታች በምተርከው የሕፃናት ሕመም የተያዙ አልነበሩም። ረሃብና ቸነፈር ያስመረረው ሕዝብ በጋራ የገባበት ጭንቀት ነው የሚለው የታሪክ ጸሐፊዎች አስተያየት እኔንም ያሳምናል። ታሪኩን ከእነርሱ የጀመርኩት የሕመማቸው ስም ከመቶ ስልሳ ዓመት በላይ ቆይቶ በሌላ በሽታ ላይ፣ ያውም በልጆች በሽታ ላይ ስለተለጠፈ ነው።

ስሙን የለጠፈው ቶማስ ሲደናም ይባላል። በእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት ለፓርላማው ወገን ተሰልፎ የተዋጋ፣ በኋላ ለንደን ላይ ሐኪም ሆኖ የኖረ፣ ከመጻሕፍት ይልቅ በበሽተኛ አልጋ አጠገብ መቀመጥን የሚመርጥ ሰው ነበር። በ1686፣ ሊሞት ሦስት ዓመት ሲቀረው፣ ስለ አዲስ ትኩሳት በላቲን አንድ ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። በመሃል እግረ መንገዱን አንድ የልጆች ሕመም ገለጸ። ከዐሥር ዓመታቸው ጀምሮ እስከ ጉርምስና ባሉ ልጆች ላይ ይታያል አለ። መጀመሪያ አንድ እግር ያነክሳል፤ ልጁ እየጎተተው ይሄዳል። ቀጥሎ እጅ ይነካል፤ በደረቱ ላይ ቢያሳርፈውም ሆነ የትም ቢያስቀምጠው ለቅጽበት እንኳ ባለበት አይረጋም። ሊጠጣ ጽዋ ሲያነሣ እጁ ወዲያና ወዲህ ይወረወራል፤ እንደ አጋጣሚ ከንፈሩ ጋ ሲደርስ በአንድ ትንፋሽ ይጨልጠዋል። የዛሬ ሐኪሞች ይህን አንቀጽ አንብበው የሚጨምሩበት ጥቂት ነው። መድኃኒቱ ግን የዘመኑ መድኃኒት ነበር፦ ደም ማፍሰስና ማስቀመጥ። ስሙንም «የቅዱስ ቪቱስ ጭፈራ» አለው። ምክንያቱን ሳያገኝ ትቶት ሞተ፤ ሐኪሞች ዛሬም ሕመሙን የሲደናም ኮሪአ ይሉታል።

ስሙ ያመጣው መደናገር የእኛን አገር ሳይቀር ነክቷል። በ1832 የበርሊኑ የሕክምና ታሪክ ጸሐፊ ዩስቱስ ሄከር ስለ መካከለኛው ዘመን የጭፈራ ደዌ መጽሐፍ ሲያሳትም ከራይን ዳርና ከጣሊያን ቀጥሎ ትግራይን አስገባ። ምንጩ ናትናኤል ፒርስ ነበር፤ በራስ ወልደ ሥላሴ ዘመን ትግራይ ውስጥ ለዓመታት የኖረና እዚያው ያገባ እንግሊዛዊ መርከበኛ ነው። ማስታወሻው ከሞተ በኋላ በ1831 ለንደን ላይ ታተመ። ፒርስ «ትግርትየር» ይባላል ያለው ሕመም በአብዛኛው ሴቶችን ይይዛል። መጀመሪያ ደብተራ የዮሐንስን ወንጌል እያነበበ ቀዝቃዛ ውኃ ያፈስባቸዋል፤ ያ ካልሠራ ከበሮና መለከት ተጠርቶ፣ የብር ጌጥ በውሰት ተሰብስቦ፣ ሕመምተኛዋ እስክትወድቅ ትጨፍራለች። የፒርስ ሚስትም ታማ ነበር። ጅራፍ ይፈውሳት እንደሆነ ብሎ ለብቻቸው ሳሉ ጥቂት ቢገርፋት እንደ ሬሳ ደርቃ እንደቀረችበትና ጣቶቿን እንኳ ማዘርጋት እንዳቃተው ራሱ ጽፏል። የኢትዮጵያ አንባቢ ይህን ሲያነብ ዛርን ማሰቡ አይቀርም፤ ሄከር ደግሞ ስትራስቡርግን አሰበ። ሁለቱም ግን የሲደናምን ልጆች አይመለከቱም። መናፍስት፣ ጭፈራና የልጆች መንቀጥቀጥ በአንድ ከረጢት ታጭቀው ቆዩ።

ከረጢቱን መፍታት የጀመሩት የፓሪስ የሕፃናት ሆስፒታል ሐኪሞች ናቸው። ዠርሜን ሴ በ1850 የሕሙማኑን መዝገብ ሲመረምር ከሚንቀጠቀጡት ልጆች ብዙዎቹ መገጣጠሚያቸው እያበጠ የሚያማቸው ሆነው አገኛቸው። በ1866 አንሪ ሮዤ ከዚያ አልፎ ሄደ፤ የመገጣጠሚያው እብጠት፣ የልብ ሕመሙና መንቀጥቀጡ የአንድ በሽታ ሦስት መልኮች ናቸው አለ። በሽታው ዛሬ ሩማቲክ ትኩሳት የምንለው ነው። ለንደን ላይ ዋልተር ቺድል በ1889 በታተሙ ንግግሮቹ ይህንኑ ለእንግሊዝ ሐኪሞች አስረዳ።

ከሁሉም ለእኛ ርእስ የሚቀርበው ዊልያም ኦስለር ነው። ካናዳዊው ሐኪም በፊላደልፊያ ያያቸውን በመቶዎች የሚቆጠሩ ልጆች ይዞ በ1894 ስለ ሕመሙ መጽሐፍ አወጣ። ልጆቹ መንቀጥቀጥ ብቻ ሳይሆን ጠባያቸውም እንደሚለወጥ አስተዋለ፤ ይነጫነጫሉ፣ ያለቅሳሉ፣ አንዳንዱም አንድን ድርጊት እየመላለሰ ይደጋግማል። ይህ የመጨረሻው አስተያየት ለመቶ ዓመት ያህል ብዙም ሳይነሣ ተቀመጠ።

በዚያው ዘመን ተጠያቂው ባክቴሪያ ስም አገኘ። ጀርመናዊው ፌህላይዘን በ1883 ከቆዳ ኢንፌክሽን አውጥቶ አሳደገው፤ ሮዘንባህ በ1884 ስትሬፕቶኮከስ ፓዮጀንስ አለው። በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንደ መቁጠሪያ ተሰካክቶ የሚታይ ክብ ሕዋስ ነው። የልጆችን ጉሮሮ የሚያቆስል፣ ቶንሲል የሚያሳብጥ፣ ትኩሳት የሚያስነሣ እርሱ ነው። ከልብና ከመንቀጥቀጥ ጋር ያለው ዝምድና ግን ገና ሌላ ግማሽ ምዕተ ዓመት ይፈልግ ነበር።

ግማሽ ምዕተ ዓመቱ በከንቱ ብቻ አልባከነም፤ ግን መንገዱ ተሰነጠቀ። ልብና መገጣጠሚያ ለውስጥ ደዌ ሐኪም ቀሩ። አእምሮ ለሥነ ልቦና ተንታኞች ተሰጠ። በ1885 ዢል ደ ላ ቱሬት ልጆች ሳያስቡት ዐይን የሚያርገበግቡበትን፣ ትከሻ የሚነቀንቁበትን፣ ድምፅ የሚያወጡበትን ሕመም ሲገልጽ በዘር የሚወረድ የነርቭ ችግር አድርጎ ነበር። የፍሮይድ ተከታዮች ግን ይህን ቲክ የታፈነ ስሜት ምልክት አደረጉት፤ ሻንዶር ፌረንቺ በ1921 በዚህ ላይ ጽፏል። እጁን ሲታጠብ የሚውል ልጅም በአስተዳደጉ ተተረጎመ፤ ጥፋቱም በእናቱ ላይ ወደቀ። የእናቶቹን በደል ማንም አልቆጠረውም፤ ግን ከጨፋሪዎቹ ጋሪ እምብዛም የሚሻል አይመስለኝም። መናፍስቱ ሄደው በቦታቸው እናት ተቀመጠች።

ተቃራኒ ማስረጃ ሳይኖር ቀርቶ አይደለም። ከ1917 ጀምሮ የቪየናው ቮን ኤኮኖሞ የገለጸው የአንጎል ብግነት ዓለምን ሲያዳርስ፣ ከሞት ከተረፉት አንዳንዶቹ ዐይናቸው ወደ ላይ ተገትሮ አንድ ሐሳብ እየመላለሰ ያስጨንቃቸው ነበር። አሜሪካዊው ሎውል ሴሊንግ በ1929 ቲካቸው ከሳይነስ ኢንፌክሽን ጋር የመጣባቸውን ሦስት ሕሙማን ጽፎ አሳተመ። የሰማው የለም።

ልብን የሚያክሙት ግን ወደፊት ሄዱ። በኒውዮርክ አልቪን ኮበርን የሩማቲክ ትኩሳት ሕሙማኑን ጉሮሮ ዓመቱን ሙሉ ሲከታተል ሕመሙ የሚያገረሸው ጉሮሮ ከታመመ ሳምንታት በኋላ መሆኑን አየ፤ በ1931 አሳተመው። ሕሙማኑን ፖርቶ ሪኮ ወስዶ ከርመው ሳይታመሙ መመለሳቸውንም አስተውሏል። በ1933 በሮክፌለር ተቋም ርብቃ ላንስፊልድ ስትሬፕቶኮከስን በቡድን ከፋፈለች፤ ሰውን የሚያጠቃው ዋናው ቡድን ኤ ሆነ። በ1944 የቦስተኑ ዳኬት ጆንስ ሩማቲክ ትኩሳት የሚለይበትን መስፈርት ሲያወጣ የሲደናምን ሕመም ከዋናዎቹ ምልክቶች አንዱ አደረገው። አንድ ነገር ግን ያስቸግር ነበር። የሚንቀጠቀጡት ልጆች ደም ሲመረመር አብዛኛውን ጊዜ የስትሬፕቶኮከስ ምልክት አይገኝበትም።

በዚህ መሃል ፔኒሲሊን መጣ። በዋዮሚንግ ግዛት በዋረን የአየር ኃይል ሰፈር ወጣት ወታደሮች በየጊዜው ጉሮሯቸውን ይታመሙ ነበር። የቻርልስ ራመልካምፕ ቡድን 798ቱን ፔኒሲሊን ወግቶ 804ቱን ሳይወጋ ተከታተለ። ከተወጉት 2፣ ካልተወጉት 17 ወታደሮች ሩማቲክ ትኩሳት ያዛቸው። ውጤቱ በ1950 ታተመ። ዛሬ ቢሆን የሥነ ምግባር ኮሚቴ የሚያሳልፈው ጥናት አይደለም፤ ከዚያ ወዲህ ግን ጉሮሮን በጊዜ ማከም ልብን እንደሚያድን የሚከራከር የለም።

የሚንቀጠቀጡትን ልጆች እንቆቅልሽ የፈቱት በኒውዮርክ አርቪንግተን ሃውስ የሚሠሩት አንጀሎ ታራንታና ጂን ስቶለርማን ናቸው። ቤቱ የልብ ሕሙማን ልጆች ለረጅም ጊዜ ተኝተው የሚያገግሙበት ስለነበር ልጆቹን ጤነኛ ሳሉ ጀምሮ መከታተል ይቻል ነበር። በ1956 ያሳተሙት መልስ ቀላል ነው፦ መንቀጥቀጡ ዘግይቶ ይመጣል። መገጣጠሚያ ጉሮሮ ከታመመ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ያብጣል፤ መንቀጥቀጡ ግን ወራት ይወስዳል፣ ስድስት ወር የሚሞላ እንኳ አለ። እስከዚያ ባክቴሪያው ከጉሮሮ፣ ምልክቱም ከደም ጠፍቷል። ወላጅም ረስቶታል።

እንዴት ነው ጉሮሮ ላይ ያለ ባክቴሪያ አንጎል የሚደርሰው? አይደርስም። የሚደርሰው ሰውነት ባክቴሪያውን ለመዋጋት የሚያመርተው አንቲቦዲ ነው። ስትሬፕቶኮከስ በላዩ ላይ ያሉት ፕሮቲኖችና ስኳሮች የሰውን ሕዋስ ይመስላሉ፤ የበግ ለምድ የለበሰ ተኩላ ነው፤ ተኩላውን የሚያሳድደው ዘበኛ በጉንም ይመታል። በጉ አንዳንዴ የልብ ቫልቭ ነው። በ1976 ጉናር ሁስቢና ባልደረቦቹ የሲደናም ሕሙማን ልጆችን ደም ሲመረምሩ ግማሽ በሚጠጉት ውስጥ ከአንጎል ሕዋስ ጋር የሚጣበቅ አንቲቦዲ አገኙ። የሚጣበቀውም በአንጎል ጥልቀት ውስጥ እንቅስቃሴን በሚያስጀምሩትና በሚገቱት ክፍሎች ላይ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ2003፣ የኦክላሆማዋ ማደሊን ከኒንግሃም ቡድን አንቲቦዲው ሕዋሱን እንደማይገድለው፣ ይልቁንም ሳይታዘዝ እንዲሠራ የኬሚካል ትእዛዝ እንደሚያስተላልፍበት አሳየ። ልጆቹ ብዙውን ጊዜ ከወራት በኋላ ለምን እንደሚድኑ ይህ ጥሩ ምክንያት ይሆናል።

አሁን የኦስለርን የተረሳች አስተያየት የሚያነሣ ሰው ተገኘ። በ1980ዎቹ በቤተስዳ፣ በአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም ዶክተር ጁዲት ራፖፖርት ከማይፈልጉት ሐሳብ መላቀቅ ያቃታቸውን፣ ሲታጠቡ ወይም በር ሲፈትሹ የሚውሉትን ልጆች ያጠኑ ነበር። ሕመሙ በአጭሩ ኦ.ሲ.ዲ. ይባላል። ራፖፖርት በ1989 ስለ እነዚህ ልጆች ለሰፊው ሕዝብ መጽሐፍ አሳተሙ። አብረዋቸው የሚሠሩት የሕፃናት ሐኪሟ ሱዛን ስዊዶ አንድ ቀላል ጥያቄ ጠየቁ፦ የአንጎሉ ክፍል አንድ ከሆነ፣ የሲደናም ልጆችስ ኦ.ሲ.ዲ. ይኖራቸው ይሆን? በ1989 ባሳተሙት ጥናት ከሲደናም ልጆች አንዳንዶቹ እንዳለባቸው፣ መንቀጥቀጥ በሌለባቸው የሩማቲክ ትኩሳት ሕሙማን ላይ ግን እንደማይታይ አገኙ። ብዙዎቹም ሐሳቡ የጀመራቸው ከመንቀጥቀጡ በፊት ነው።

ቀጣዩ ጥያቄ ደፋር ነበር። መንቀጥቀጥ ሳይኖር ኦ.ሲ.ዲ. ወይም ቲክ ብቻ ከጉሮሮ ሕመም በኋላ ቢመጣስ? በ1995 የስዊዶ ቡድን ከ10 እስከ 14 ዓመት የሆኑ አራት ወንዶች ልጆችን ታሪክ አሳተመ። በ1998 ሃምሳ ልጆችን ይዞ መጣና ሕመሙን ፓንዳስ አለው። መስፈርቱ ይህን ይመስላል፦ ልጁ ከሦስት ዓመት እስከ ጉርምስና ባለው ዕድሜ ውስጥ ነው፤ ኦ.ሲ.ዲ. ወይም ቲክ አለበት፤ ሕመሙ በድንገት ይጀምራል፣ ይሻለዋል፣ ያገረሸዋል፤ ከስትሬፕቶኮከስ ጋር በጊዜ ይያያዛል፤ ሌላም የነርቭ ምልክት ይታይበታል። ቲኩ የጀመራቸው በአማካይ በ6.3 ዓመታቸው፣ ኦ.ሲ.ዲ.ው በ7.4 ዓመታቸው ነበር። ወላጆች ደጋግመው የሚናገሩት ድንገተኝነቱን ነው። ማታ ደኅና ተኝቶ ያደረ ልጅ ጠዋት ሌላ ልጅ ሆኖ ይነሣል። እናቱን አልለይም ይላል፣ ምግብ ይፈራል፣ ሽንት ቤት ይመላለሳል፣ ትናንት በደንብ የጻፈው እጁ ዛሬ ፊደል መቅረጽ ያቅተዋል።

በሚቀጥለው ዓመት ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው ሙከራ ተስፋውን አናረው። ሠላሳ ያህል በጠና የታመሙ ልጆች በዕጣ ተከፋፍለው ለአንዳንዶቹ ከለጋሾች ደም የተጣራ አንቲቦዲ በደም ሥር ተሰጠ፤ ሌሎቹ የደማቸው ፈሳሽ ክፍል ተጣርቶ ተለወጠ፤ ቀሪዎቹ አስመሳይ መድኃኒት ተሰጣቸው። ከአንድ ወር በኋላ የኦ.ሲ.ዲ. ምልክት በመጀመሪያዎቹ 45 በመቶ፣ በሁለተኞቹ 58 በመቶ ቀነሰ፤ በአስመሳዩ ምንም ያህል አልተለወጠም። ደሙ የተጣራለት ግን እንደተጣራለት ያውቃል፤ ይህ የጥናቱ ደካማ ጎን ነው።

ተቃውሞው ለመምጣት አልዘገየም፤ ተቃዋሚዎቹም የዋዛ ሰዎች አልነበሩም። የነርቭ ሐኪሙ ሮጀር ከርላንና የስትሬፕቶኮከስ ሊቁ ኤድዋርድ ካፕላን ያነሡት ጥያቄ ይህ ነበር፦ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ጉሮሮውን በዓመት ምን ያህል ጊዜ ይታመማል? ባክቴሪያውን ሳይታመም በጉሮሮው ይዞ የሚዞርስ ስንት ነው? ቲክ ደግሞ በጠባዩ አንዴ ይብሳል፣ አንዴ ይሻላል። ሁለት የሚመላለሱ ነገሮች በአጋጣሚ መገጣጠማቸው አይቀርም። በራሱ በ1998 ጥናት እንኳ ሕመሙ ካገረሸባቸው 144 ጊዜያት በምርመራ በተረጋገጠ ስትሬፕቶኮከስ የታጀቡት 45ቱ ብቻ ነበሩ። ከርላን በ2008 ባሳተሙት ጥናት ፓንዳስ አለባቸው የተባሉ 40 ልጆችን ከሌሎች 40 ጋር ለሁለት ዓመት ሲከታተሉ፣ ካገረሸባቸው ከ60 በላይ ጊዜያት ከስትሬፕቶኮከስ ጋር የተያያዙት 5 ብቻ ሆኑ። አምስቱም በፓንዳስ ልጆች ላይ ነው የታዩት፤ ስለዚህ አንዱ ወገን «ጥቂት ነው» ሲል ሌላው «ግን አለ» አለ። እኔ ሁለቱም ልክ ነበሩ እላለሁ።

በ2012 ስዊዶና ባልደረቦቻቸው ስሙን አሰፉት። ፓንስ በተባለው አዲስ መጠሪያ ምክንያቱ ስትሬፕቶኮከስ ይሁን ሌላ ቅድሚያ አይሰጠውም፤ ዋናው ኦ.ሲ.ዲ. ወይም ምግብ እምቢ ማለት በድንገት መጀመሩ ነው። ወላጆች ግን ሳይንቲስቶቹ እስኪስማሙ አልጠበቁም። ኢንሹራንስ እምቢ ያላቸው በየግዛቱ ምክር ቤት ደጅ ጠኑ፤ በ2017 ኢሊኖይ ኢንሹራንስ ሕክምናውን እንዲከፍል በሕግ አስገደደች። ልጁ በአንድ ሌሊት የተለወጠበትን ወላጅ ቆይ ጥናቱ ይለቅ ማለት እንደማይቻል ይገባኛል። ሆኖም ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2016፣ 35 ልጆችን የያዘ የተሻለ ጥንቃቄ የተደረገበት ሙከራ በደም ሥር የሚሰጠው አንቲቦዲ ከአስመሳዩ ጉልህ ብልጫ እንዳላሳየ አረጋግጦ ነበር። የ1999ኙ ተስፋ አልተደገመም።

ከዚህ ሁሉ ክርክር ትልቁን ማስረጃ ያመጣችው ዴንማርክ ናት፤ እያንዳንዱ ዜጋ በመዝገብ ያለባት ትንሽ አገር። በ2017 የታተመው ጥናት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ልጆችን ተከተለ። ስትሬፕቶኮከስ የተገኘባቸው ልጆች በኦ.ሲ.ዲ. የመያዝ ዕድላቸው 51 በመቶ፣ በቲክ 35 በመቶ ይበልጥ ነበር። ዝምድናው እውነት ነው ማለት ነው። ነገር ግን ጉሮሯቸውን በሌላ ምክንያት የታመሙትም ዕድላቸው ጨምሮ ተገኘ፣ ጭማሪው ያነሰ ቢሆንም። ስለዚህ ጥፋቱ የአንድ ባክቴሪያ ብቻ ላይሆን ይችላል። ፓንዳስን የሚያረጋግጥ የደም ምርመራ እስከ ዛሬ የለም፤ ሐኪም የሚለየው ታሪክ ጠይቆና ሌላውን በሽታ አስወግዶ ነው።

በኢትዮጵያ ክርክሩ ሌላ መልክ አለው። አሜሪካና አውሮፓ ሩማቲክ ትኩሳትን ከሞላ ጎደል ረስተውታል፤ እኛ ዘንድ ግን የወጣቶችን ልብ የሚያበላሸው ዋነኛ በሽታ ዛሬም እርሱ ነው። ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ዘንድ ወረፋ ከሚጠብቁት ብዙዎቹ ቫልቫቸው በዚሁ ባክቴሪያ መዘዝ የተበላሸባቸው ናቸው። አንዴ የያዘው ልጅ እንዳያገረሽበት በየአራት ሳምንቱ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ለዓመታት ይወጋል፤ ከገጠር ለሚመጣ ቤተሰብ ይህ ቀላል አይደለም። የሲደናም ሕመምም በሽታው ባለበት ሁሉ አለ። ልጁ ግን ሐኪም ዘንድ ከመድረሱ በፊት ቡዳ በላው፣ ዛር ያዘው መባሉ አይቀርም፤ ትምህርት ቤትም ጽሑፉ ተበላሸ፣ አርፎ አይቀመጥም ተብሎ ይገረፋል። ጉሮሮ ሲታመም እንጥል ማስቆረጥም ባክቴሪያውን አያጠፋም፤ ደም መፍሰስንና ሌላ ኢንፌክሽንን ይጨምራል እንጂ።

ስለዚህ ወላጅ ሆይ፣ ልጅዎ ትኩሳት ኖሮት ለመዋጥ እስኪቸገር ጉሮሮውን ከታመመ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት፤ የታዘዘለትንም መድኃኒት ቢሻለውም ያስጨርሱት። እጁ ወይም ፊቱ ሳይታዘዝ መንቀሳቀስ ከጀመረ ወይም ጠባዩ በድንገት ከተለወጠ ጠበሉን አልከለክልዎትም፤ የሕፃናት ሐኪም ግን ሳያየው አይቆይ፣ ልቡም ይመርመር። ሐኪሙ ባይጠይቅዎት እንኳ ባለፉት ስድስት ወራት ልጁ ጉሮሮውን ታሞ እንደነበር አስታውሰው ይንገሩት።